መካኒኩስ የት አለ?

በአሜሪካ አገር በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ታሪክ የሚታይበት ቤተ መዘክር አለ። ከቤቱ ቅርሶች ዋነኛው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1911 ሬይ ሃሩን የመጀመሪያውን የ500 ማይል ውድድር ያሸነፈበት ቢጫ መኪና ነው። ሌሎቹ ነጂዎች ከኋላ የሚመጣውን የሚያይላቸው መካኒክ ከጎናቸው ሲያስቀምጡ፥ ሃሩን በመካኒኩ ፈንታ መስተዋት ሰቀለ። ብልሃቱን እናደንቃለን። ነገር ግን በዚያው ቀን ሳም ዲክሰን የተባለ መካኒክ ከመኪና ተወርውሮ ሞተ። ሃሩንንም ራሱን ሳይረስ ፓችኪ በውድድሩ መካከል ተክቶት ነድቷል። ከእነዚህ ሦስቱ ግን በታላቁ ዋንጫ ላይ ፊቱ የተቀረጸው ሃሩን ብቻ ነው።

ይህ አይበቃም እንላለን። ነገ መሐንዲሶች የምንሆን ተማሮች እንዲህ ያለውን ቤት ስንጐበኝ «ማን ቀደመ?» ብቻ ሳይሆን «ከጎኑስ ማን ነበር?» ብለን እንጠይቅ።