መምህሩ ሐኪም ይሁን አንልም

በገጠር ትምህርት ቤት አንድ ልጅ በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ክብሪት ይጫራል፤ ጭሱን እንዲያሸት ወደ አፍንጫው ይጠጋል፤ ጓደኞቹ በለሃጩ ይጋባብናል ብለው ይሸሻሉ። መምህሩም ብዙ ጊዜ ከሕዝቡ የተለየ ዕውቀት የለውም። ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱን ከድንጋይ መጠበቅ፣ በአፉ ምንም አለመክተት፣ መንዘፍዘፉ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፤ ይህን ለመማር የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ይበቃል። ባለመማሩ ግን ልጁ ሲነቃ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ከትምህርት ይቀራል።

«መምህር ያስተምር፣ በሽታን ለሐኪም ይተው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ሐኪሙ በቅርብ ቢኖር ኖሮ እኛም ከእነርሱ ጋር በቆምን ነበር። አገራችን ዶክተር እስኪበረክት እጇን አጣጥፋ ያልተቀመጠችበትም ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ለይቶ በታወቀ ሥራ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ልኳል። ቁም ነገሩ «በታወቀ ሥራ ላይ» የሚለው ነው።

መምህሩ ደግሞ ሥራውን ጀምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው በትምህርት ቤቶች የሆድ ትላትልንና ቢልሃርዝያን የመከላከል ዘመቻ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆኖ መድኃኒቱን የሚያድለው እርሱ ነው። የቢልሃርዝያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል በክብደት ልክ ይሰጣል፤ ሚዛን በሌለበት ግን ምልክት የተደረገበት ዘንግ ይቆምና የልጁ ቁመት ስንት ፍሬ እንደሚውጥ ይወስናል። ከምግብ በኋላ ቢዋጥ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። እንግዲህ ቁርስ ሳይቀምስ የመጣው የትኛው እንደሆነ፣ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጠበው የትኛው እንደሆነ፣ ከባዕድ ሐኪም ይልቅ መምህሩ ያውቃል።

የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። የሦስት ቀን ስብሰባ ተጠርቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ሰባ ተማሪ ባጨቀ ክፍል ለሚያስተምር ሰው አንድ ካርቶን ፋሻ ይሸከምና «ትምህርት ቤቱ የጤና አገልግሎት አለው» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ይህ ነርስ ላለመቅጠር የተገኘ ርካሽ ሰበብ ነው። ትራኮማ እንደ አገራችን የከፋበት አገር በዓለም የለም፤ ፊትን መታጠብ እንደሚከላከለውም መምህሩ ሊያስተምር ይችላል። ውሃ በሌለበት ግቢ ግን ይህን ማስተማር በልጆች ላይ ከመቀለድ በምን ይለያል?

ከማላዊም የምንማረው አለ። በዞምባ አውራጃ በ58 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ የግማሾቹ መምህራን ሠልጥነው በደም ጠብታ ወባን እየመረመሩ፣ ላልከፋባቸው ልጆች መድኃኒት ይሰጡ ነበር። መምህራኑ ሥራውን ችለውታል። ከትምህርት የሚቀሩት ልጆች ቁጥር ግን እንደታሰበው አልቀነሰም። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች «እንግዲህ ከንቱ ነው» ሊሉን ይሞክራሉ፤ እኛ ግን ትኩሳት ቤት ያስቀረውን ልጅ የትምህርት ቤት ኪኒን እንደማይደርስበት እንረዳለን። መምህሩ ጤና ጣቢያን አይተካም።

ስለዚህ ትምህርቱ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ውስጥ እንደ ማንኛውም ትምህርት ፈተና ያለው ይሁን። ለሥራው የሚውለው ሰዓት ከማስተማሪያው ሰዓት ይቀነስለት፣ ወይም ይከፈለው። የሥልጣኑም ወሰን በጽሑፍ ይታወቅ፤ ቁስል ያጥባል፣ ዓይን ይመረምራል፣ የታዘዘውን የትላትል መድኃኒት ያድላል፤ መርፌ አይወጋም፣ ፀረ ተሕዋስያን በራሱ አያዝም። የላከውን ልጅ ጤና ጣቢያው ሳያይ እንዳይመልስበት ደብዳቤው ይከበርለት።

እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተምሩ፣ የታመመ ተማሪ ይዘው የሚገቡበት ያጡ ጥቂቶች አልነበሩም። ዛሬ በውጭ አገር ሕክምናና ሥነ ትምህርት የምታጠኑ ወገኖች ለመምህሩ የሚሆን ኪስ የሚገባ መጽሐፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ለማዘጋጀት የማንንም ፈቃድ አትጠብቁም። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለዚያ ክብሪት ይሆናል።