እምቢ ያለውን ቤት ማን ያንኳኳል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማበርን ቆርጦ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ካፖርቱን ያወልቃል። ሸዋ ሮቢት ደረሰ ማለት ነው። እኔ የዚህች ሞቃት ከተማ ልጅ ነኝ። በማሽላና በማሾ እርሻ ዳር አደግሁ። ስለ ሀገር ፖለቲካ ከማውቀው ውስጥ ግን ዋናውን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሰፈራችን እድር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከብዙ ዓመታት በፊት እድራችን ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ “መዋጮ ጨምረን የራሳችንን አዳራሽ እንሥራ” አለ። ገሚሱ “ድንኳኑ ይበቃናል፤ ድሃውን በመዋጮ አታስጨንቁት” አለ። ክርክሩ ክረምት ከበጋ ዘለቀ። ባልና ሚስት ተኳረፉ፤ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ጀበናቸውን ለየብቻ ጣዱ። በመጨረሻ ከግራር ጥላ ሥር ተሰብስበን እጅ ተቆጠረ፤ አዳራሽ ፈላጊዎቹ በጥቂት እጅ በለጡ። ድንኳኑን የደገፉት የእድሩ ዳኛም “ያላመንሁበትን ሥራ ልመራ አልችልም” ብለው መዝገቡንና ማኅተሙን አስረከቡ። አዲስ ዳኛ መምረጥ ግድ ሆነ።

ያሸነፈው ወገን የመረጠው ሰው ነበረው፤ በክርክሩ ሁሉ ድምፁ ጎልቶ ይሰማ የነበረውን፣ ተቃዋሚዎቹን በምላሱ ያጋየውን ሰው። የተሸነፈውም ወገን የራሱን ተናጋሪ አዘጋጅቶ ነበር። እጅ ሊቆጠር ሲል አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ “ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ” አሉ። “ነገ እምቢ ካለው ሰው ቤት ሐዘን ሲገባ፣ ደጁን አንኳኩቶ የሚገባው ማን ነው? እሱን ምረጡ። ለደስተኛው ቤትማ ዳኛ ምን ያደርግለታል!”

ስብሰባው ጸጥ አለ። ቀጥሎ የሆነውን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ያ ጥያቄ እንዴት ከእድራችን ወጥቶ ወደ ሀገር እንደ ሄደብኝ ልንገራችሁ።

በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሀገራችን ድምፅ ሰጠች። ስሙ ምርጫ ይሁን እንጂ ለብዙዎቻችን ሕዝበ ውሳኔ ነበር። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ኢሕአዴግ ይቆይ ወይስ ይውረድ? ንብ ወይስ ሁለት ጣት? እኛ ሰፈር አንዱ ጎረቤት ለንብ፣ ሌላው ለሁለት ጣት ድምፁን ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ “እንዴት አደርህ” ለመባባል ወራት ፈጀባቸው። በአዲስ አበባ ቅንጅት ሃያ ሦስቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች፣ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። በሀገር አቀፍ ደረጃ በይፋ የተነገረው ውጤት ከ547 መቀመጫ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109 የሰጠ ነበር። አንዱ ወገን “ተሰረቅሁ” አለ፤ ሌላው “አሸነፍሁ” አለ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። ከአዲስ አበባ የታፈሱ ወጣቶች ወደ ደዴሳ፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ እኛም ሸዋ ሮቢት ተጋዙ። የከተማዬ ስም በብዙ እናቶች ጆሮ የገባው በሽንኩርቷ ወይም በገበያዋ ሳይሆን በወህኒ ቤቷ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ፤ ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። ያን ጊዜ የነበረውን ደስታ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ነገር ግን ደስታው ወራት እንኳ አልዘለቀም። ቅንጅት የአራት ፓርቲዎች ጥምረት ነበር፤ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ድሩስ አብሮ ነበር፤ የድሩን ጫፍ ማን ይያዝ የሚለውን ግን ከልብ አልተነጋገሩበትም። ከእስሩ በፊት “ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ” በሚለው ተሰነጠቁ። ከእስሩ በኋላ ደግሞ “ሊቀ መንበሩ ምን ሥልጣን አለው፣ ማንስ ማንን ያግዳል” በሚለው ተለያዩ። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል በአንድ ወገን፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳና ባልደረቦቻቸው በሌላ ወገን ቆሙ። ውቅያኖስ ማዶ ያለው ደጋፊም ገንዘቡንና ጭብጨባውን ከሁለት ከፈለ። የቅንጅት ስም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሦስተኛ ቡድን ተሰጠ። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የምርጫውን ቀን ስም አድርጎ የያዘውን ግንቦት ሰባትን በውጭ ሀገር መሠረቱ። ወይዘሪት ብርቱካን ደግሞ በሰኔ 2000 ዓ.ም. የአዲሱ የአንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ።

መንግሥት በእነዚያ ሰዎች ላይ የፈጸመውን በደል አልዘነጋም፤ ስለ ተበዳይ ስሕተት መናገርም አይጥመኝም። ሆኖም በዚያን ጊዜ እኛ ደጋፊዎቹ አዲስ መሪ ስንፈልግ እርስ በርስ የተጠያየቅነው ምን ነበር? “ማን ይበልጥ ጸና? ማን ይቅርታውን ሳይወድ ፈረመ? ማን ከወያኔ ጋር ቡና ጠጣ?” ይህን ነበር። “ለንብ ድምፁን የሰጠውን ገበሬ ቤት ማን ያንኳኳል?” ብሎ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አልሰማሁም። ገበሬው ተታሎ ወይም ፈርቶ ነው አልንና ዘጋነው። በእርግጥም የፈራ ነበር። ያመነበትም ግን ነበር። እሱን ሳናናግር ነው የገዛ ወገናችንን ቁስል ይበልጥ የሚነካካውን መሪ ስናማርጥ የከረምነው።

ይህ የእኛ የድሃ ሀገር ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕግና ልማድ በጸናባት በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2016 ሕዝቡ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት 51.9 ለ48.1 በመቶ ወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን፣ ልክ እንደ እድራችን ዳኛ፣ ያላመኑበትን ላለመምራት በማግሥቱ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ እስከ 2022 ድረስ ብቻ ወግ አጥባቂው ፓርቲ አራት አዲስ መሪዎችን አፈራረቀ። በ2019 ቦሪስ ጆንሰንን የመረጡት የፓርቲው አባላት 92,153 ነበሩ፤ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ግን ከ33 ሚሊዮን በላይ ነበር። በተቃዋሚው የሌበር ፓርቲም የምክር ቤት አባላቱ ጀረሚ ኮርቢንን 172 ለ40 “አናምንህም” ሲሏቸው፣ ተራው አባል በዚያው ዓመት 61.8 በመቶ ድምፅ ሰጥቶ መልሶ ሾማቸው። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ደስተኛ መረጠ። እምቢ ያለው ግማሽ ሀገር ግን ደጁን የሚያንኳኳለት ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። የእነርሱ ዕድል፣ ጠባቸው በምክር ቤት ጩኸት መወሰኑ ነው።

የእኛ ግን አይወሰንም። በየካቲት 2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን በቃኝ አሉ። በመጋቢት የኢሕአዴግ ምክር ቤት በዝግ ስብሰባ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን በ108 ድምፅ ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠ። ያኔ ሮቢት ላይ ጥሩንባ የነፋው ሾፌር ብዙ ነበር፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የተሸነፈው ቤት ምን ያስባል ብሎ የጠየቀ ግን በጭብጨባው መካከል አልተሰማም፤ የተሸነፈውም ቤት መሸነፉን አልተቀበለም። በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት ሳይገባ ቀረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ የእኛን ከተማ ደጅ ረግጦ ገባ፤ የሀገሬ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን ዳገቱን ወጣ። ያ ሁሉ መከራ ከአንድ የድምፅ ቆጠራ መጣ አልልም፤ ብዙ እጅ፣ ብዙ ዘመን የቋጠረው ነው። ነገር ግን የፓርቲ መሪ ምርጫ የፖለቲከኞች የውስጥ ጉዳይ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ በዚያ ኅዳር ዳገቱን ከወጡት እናቶች አንዷን ይጠይቅ።

“መሪ የሚመረጠው ለዓላማው በመጽናቱ ነው፤ ተቃራኒውን እንዲያባብል አይደለም” የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ክርክራቸውን አልንቀውም። አቋም የሌለው አስታራቂ ከሁለቱም ቤት ጠጅ ጠጥቶ የማንንም ጉዳይ ሳይፈጽም ይሄዳል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ጽናት የሚለካው ከወዳጅ መካከል በሚነገር ንግግር አይደለም፤ እዚያማ ማንም ጀግና ነው። ያመንህበትን ይዘህ እምቢ ካለህ ሰው ፊት ስትቀመጥ፣ ሳታጎነብስም ሳትሳደብም ስትነጋገር ነው የሚለካው።

ስለዚህ ሀገርን ከከፈለ ድምፅ በኋላ መሪ የሚመርጥ ፓርቲ ሦስት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ መሪ እንዴት እንደሚወርድና እንደሚተካ የሚናገረውን ደንብ ከማዕበሉ በፊት ይጻፈው፤ ቅንጅት የተሰነጠቀው ደንቡን በማዕበሉ መካከል ሲተረጉም ነው። ሁለተኛ፣ በፓርቲው ውስጥ የተሸነፈው ወገን ወንበር ይኑረው፤ ወንበር የሌለው ሰው ቆሞ አይቀርም፣ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ዕጩ በአደባባይ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ “እኛን ላልመረጡት ምን ትላቸዋለህ? መቼስ ሄደህ ትነግራቸዋለህ?” መልሱን ሲፈልግ የሚንተባተበውን ሰው አትፍሩት፤ እያሰበ ነው። ሳያመነታ “ከሃዲዎች ናቸው” የሚለውን ፍሩት።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። በ2016 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የወልቃይትና የራያ ጥያቄ በሕዝበ ውሳኔ ይፈታ የሚል አቋሙን ተናግሯል። ቢሆንም ባይሆንም፣ የሚከፋፍል ድምፅ ከፊታችን አይጠፋም። ከድምፁ ማግሥት ደግሞ በየወገኑ አዲስ መሪ መፈለጉ አይቀርም። ያን ቀን የምንጠይቀውን ከዛሬ እንልመደው።

ወይዘሪት ብርቱካን ለፓርቲ መሪነት በተመረጡ በስድስት ወራቸው እንደገና ታሰሩ፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ታስረው በተካሄደው የ2002 ምርጫ፣ ከ547ቱ መቀመጫዎች ተቃዋሚው መድረክ ያገኘው አንዱን ብቻ ነበር። ከስደት ተመልሰው በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው በእርሳቸው ሰብሳቢነት ነው፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስም በቦታው ቆዩ። አንዱን ወገን እንዲመሩ የተመረጡት ሴት የሁሉንም ወገን ድምፅ ቆጣሪ ሆኑ። ወደ ፖለቲካው የመጡት ከፍርድ ቤት ዳኝነት ነበር። እኛ ደግሞ የእድራችንን መሪ “ሊቀ መንበር” አንለውም፤ “ዳኛ” ነው የምንለው። አባቶቻችን ይህን ስም ሲያወጡ ስለ መሪነት የሚያውቁት ነገር ነበር እላለሁ።

ወደ ግራሩ ጥላ ልመለስ። ከሽማግሌው ጥያቄ በኋላ ሁለቱም ተናጋሪዎች ቀሩ። የተመረጠው አንድ ዝምተኛ ሸማኔ ነበር። ድንኳን ደጋፊ አልነበረም፤ እጁን ለአዳራሹ ያወጣ ሰው ነው። ነገር ግን በክርክሩ ወራት ሁሉ እምቢ ካሉት ቤቶች እግሩን አላነሣም ነበር። በተመረጠ በሳምንቱ የቀድሞውን ዳኛ ደጅ አንኳኳ። መዋጮው የከበዳቸው ድንጋይና አሸዋ በማቅረብ እንዲከፍሉ ሐሳቡን ያመጡት እኚሁ የቀድሞው ዳኛ ናቸው።

አዳራሹ በሁለተኛው ዓመት ተሠራ። ድንኳኑም አልተሸጠም።