ያገለገለ መኪና ስለሚገዛ ተማሪ

ዋጋው ያነሰ ዕቃ ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ ዋጋው የበዛ ዕቃም ሁሉ መልካም አይደለም። ርካሽ ሊባል የሚገባው በጥቂት ገንዘብ ተገዝቶ ብዙ ዘመን ያለ ችግር የሚያገለግል ዕቃ ነው። ዛሬ ተገዝቶ ነገ የሚሰበር ግን በነጻ እንኳ ቢሰጥ ለተቀባዩ ዕዳ ይሆንበታል። ይህ እውነት በልብስና በጫማ ይታወቃል፤ ይልቁንም ያገለገለ መኪና በሚገዛ ተማሪ ላይ ይገለጣል።

በአሜሪካ አገር ብዙ ከተሞች ሰፊ ስለ ሆኑ ቤትና ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ይራራቃሉ። አውቶቡስም በሁሉ ስፍራ በየጊዜው አይገኝም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ የሚኖሩ ሰዎች ልጆች ኮሌጅ በገቡ ጊዜ፣ ጠዋት ተምረው ማታ ሠርተው ለመመለስ ብዙዎቹ መኪና ያስፈልጋቸዋል። አዲስ ለመግዛት አቅማቸው አይፈቅድምና ሌላ ሰው የነዳውን ይፈልጋሉ። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ እናት በሌሊት ሥራ፣ አባት በታክሲ ነጂነት ያጠራቀሙት ነው። እንግዲህ ይህን ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣ ልጅ የወላጆቹን ድካም በእጁ እንደ ያዘ ያስብ። ደግሞም ፍሬኑ የማይዝ መኪና ገዢውን ብቻ ሳይሆን መንገድ የሚሻገረውንም ሕፃን ሊገድል ይችላልና ነገሩ የገንዘብ ነገር ብቻ አይደለም።

የኢትዮጵያ ገበሬ በቅሎ ሲገዛ በመጣብሯ ጌጥ አይታለልም። አፏን ከፍቶ ከጥርሷ ዕድሜዋን ያውቃል። ቁስል በኮርቻ ሥር ይሸሸጋልና ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋን ይዳስሳል። ሰኮናዋን አንሥቶ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ያስኬዳታል። ይህንም ሲያደርግ ብቻውን አይሄድም፤ ከብት የሚያውቅ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል እንጂ። መኪና የሚገዛ ተማሪም የዚህን ገበሬ ሥርዓት ቢከተል ይጠቀማል።

የበቅሎ ዕድሜ በጥርሷ እንደሚታወቅ የመኪናም ታሪክ በቁጥሩና በወረቀቱ ይታወቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1981 ሞዴል ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና ሁሉ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉበት የራሱ ቁጥር አለው። ይህም ቁጥር በሾፌሩ በኩል ከፊት መስተዋቱ በታች ይታያል። በዚህ ቁጥር፣ ፋብሪካው ስለ ጉድለቱ መኪናውን ለጥገና ጠርቶት እንደ ሆነ ከመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ ማወቅ ይቻላል። ታይትል የሚባለው የባለቤትነት ወረቀትም በሻጩ ስም መሆኑን፣ መኪናውም በአደጋ ወይም በጎርፍ ተበላሽቶ የተጣለ እንደ ሆነ የሚገልጥ ምልክት በላዩ እንዳለ መመርመር ይገባል። የተጓዘውን ርቀት የሚቈጥረውን መሣሪያ ወደ ኋላ መመለስ በ1972 በወጣው ሕግ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን ሕግ አለ ማለት አታላይ የለም ማለት አይደለም። ቈጣሪው ጥቂት መንገድ ብቻ እንደ ሄደ ቢናገር፣ የፍሬኑ መርገጫ ግን ተልጦ መሪውም አልቆ ቢታይ፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ነው።

በኮርቻ ሥር የሚሸሸገው ቁስል በመኪና ዘንድ ዝገት ነው። ሚኒሶታን በመሰለ ብርዳም ግዛት በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ያም ጨው የመኪናውን ሆድ፣ የፍሬኑንም ቧንቧ ይበላዋል። ላዩ በአዲስ ቀለም ሲያበራ ታቹ ወንፊት የሆነ መኪና ብዙ ነው። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ሳያዩ መግዛት ኮርቻዋን ሳያስወርዱ በቅሎ እንደ መግዛት ነው።

ሰኮናው ጎማው ነው። በጎማው ጎን ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የአሜሪካን የአንድ ሳንቲም ገንዘብ የሊንከንን ራስ ወደ ታች አድርጎ በጎማው ጥርስ መካከል ቢያስገቡት፣ የራሱም ጫፍ ሁሉ ቢታይ፣ ጎማው አልቋል።

ማስኬድም በጠዋት ነው፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ሕመሙን አይሸሽግምና። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት የቈየ እንደ ሆነ የሞተሩን ክዳን በእጅ በመዳሰስ ይታወቃል። ሰማያዊ ጢስ ቢያወጣ ዘይት ያቃጥላል። ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ቢጎትት ጉድለት አለበት። በመጨረሻ ሽማግሌው መካኒኩ ነው፤ እርሱም ሻጩ የመረጠው ሳይሆን ገዢው ራሱ የከፈለው ይሁን። ለመካኒክ ምርመራ የሚከፈለውን ጥቂት ገንዘብ የሚሳሳ ሰው ብዙውን ያጣል። መኪናዬ አይታይብኝም የሚል ሻጭም ቢገኝ፣ መልሱን ሰጥቷልና ከእርሱ ዘንድ መሄድ ይሻላል።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ የመኪናውን ስም ብቻ ጠይቀው ይገዛሉ። እርግጥ ነው፤ ከ1966 ጀምሮ የተሠራው ቶዮታ ኮሮላና ከ1972 ጀምሮ የተሠራው ሆንዳ ሲቪክ በብዛት ስለ ተሸጡ መለዋወጫቸው አይቸግርም፤ የሚያውቃቸውም መካኒክ ብዙ ነው። ለተማሪ እንዲህ ያለው የተለመደ መኪና መልካም ነው። ነገር ግን ዘይቱ በጊዜው ሳይለወጥለት የኖረ ስመ ጥር መኪና፣ ባለቤቱ ተጠንቅቆ ከያዘው ስም የለሽ መኪና ያንሳል። መልካም ዘር በክፉ እጅ ይበላሻልና፣ ከስሙ ይልቅ የያዘውን ሰው እጅና የጥገናውን ደረሰኝ መመልከት ይበልጣል።

«ተማሪ ተበድሮም ቢሆን አዲስነት ያለው መኪና ይግዛ፤ አሮጌው በየጊዜው እየተሰበረ ያስቸግረዋል» የሚሉ አሉ። ቃላቸው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን አበዳሪው በየወሩ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲገባለትም ያስገድዳል፤ የወጣት ነጂ ኢንሹራንስም ከአዋቂው ይልቅ ውድ ነው። ይህን ሁሉ ለመክፈል ተማሪው የሥራ ሰዓቱን ይጨምራል፤ የሥራ ሰዓቱ ሲጨምር የጥናቱ ሰዓት ይቀንሳል። ወደ ትምህርት ቤት እንዲያደርሰው የገዛው መኪና ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል። እንዲህ ያለው ልጅ የመኪና ጌታ ሳይሆን የመኪና ሎሌ ሆነ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ በወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውን ምሳሌ አስቦ፣ ከመጀመሩ በፊት ወጪውን ሁሉ ይቈጥራል። መኪናውን ሳይገዛ የኢንሹራንሱን ዋጋ ይጠይቃል። ካለው ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዱን ለጎማ፣ ለዘይትና ለፍሬን ያስቀራል እንጂ ሁሉን ለሻጭ አያስረክብም። በአብዛኞቹ ግዛቶች ነጋዴ በመኪናው መስኮት የሚለጥፈውን ወረቀት ያነብባል፤ «እንዳለ ይሸጣል» የሚል ከሆነ በኋላ የሚመጣው ጉዳት የገዢው መሆኑን ያውቃል። ዛሬ ካልገዛህ ይሸጥብሃል ቢሉት አይደነግጥም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ሌላ መኪና አይጠፋም።

ይህ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ መኪናውን የሚሸጥበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ደግሞ የርሱ እውነተኛነት ይፈተናል። ሰው እንዳያታልለው በብዙ ድካም የመረመረ ልጅ፣ የመኪናውን ጉድለት ሸሽጎ ለሌላ ድኻ ተማሪ ቢሸጠው፣ ጥበቡ ሁሉ ወደ ተንኰል ተለወጠ። ጉድለቱን ነግሮ በሚገባው ዋጋ የሸጠው ግን ጥቂት ብር ቢቀርበትም የሰው እናት የደከመችበትን ገንዘብ አልበላም። ስለዚህ ሲገዙ መመርመር፣ ሲሸጡም እውነት መናገር ይገባል።