ብሩሽና ተረት የማንነት መከታ ሲሆኑ

የቅኝ ገዥ ኃይል መሬት በመንጠቅ ብቻ እንደማይረካ፣ የተገዢውን ሕዝብ ቋንቋና ትዝታም ጭምር ለመንጠቅ እንደሚጣጣር የካናዳ ነባር ሕዝብ የሆኑት የክሪዎች ታሪክ በገሃድ ያረጋግጣል። በ1670 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንግሊዞች የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ክሪዎች በሚያቀርቡት የቢቨር ቆዳ ከበለጸገ በኋላ፣ የክሪዎችን አገር ጨምሮ የእኔ ነው የሚለውን ሰፊ ምድር በ1870 ለካናዳ መንግሥት በገንዘብ አስረከበ። ባለቤቱን ሕዝብ የጠየቀ አልነበረም። (ኩባንያው በ2025 መደብሮቹን በሙሉ ዘግቷል፤ ክሪዎች ግን ዛሬም በአገራቸው አሉ።)

ከዚያ የተከተለው ባህላዊ ወረራ ነው። በ1895 የተሻሻለው ሕግ የነባሮቹን ሥርዓተ አምልኮ በወንጀልነት ፈረጀ፤ ክልከላው እስከ 1951 ጸና። ከ150,000 የሚበልጡ ሕፃናትም መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ወደሚመሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነጥብ አለ። በክሪዎች ልማድ ብልጥም ጅልም የሆነው የዊሳኬቻክ ተረት የሚነገረው በረዶ መሬቱን በሸፈነባቸው ወራት ብቻ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው የሚመለሱት ደግሞ፣ ያውም ከተፈቀደላቸው፣ በሞቃቱ ወራት ነበር። ስለዚህ አያት ተረቱን ብታውቅም የምትነግርበት ወቅትና የሚሰማት ልጅ አይገናኙም ነበር።

የተበጠሰውን ለመቀጠል ከተነሱት አንዱ የሳስካችዋኑ ሠዓሊ አለን ሳፕ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ገዢ ይወደዋል ብለው የሚሥሉት ተራራና አውሬ ነበር። በ1966 ግን አንድ ሐኪም የሚያውቁትን እንዲሥሉ ስለመከሯቸው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2015፣ እንጨት የሚያመላልሱ ሰዎችንና ያሳደጓቸውን አያታቸውን ሣሉ። በኦሙሽኬጎ ክሪዎች ዘንድም ሉዊስ በርድ የሽማግሌዎችን ቃል ለአሥርታት በቴፕ ቀርጸዋል።

ኬንት ሞንክማን የመረጠው መንገድ ክስ ነው። በ2017 በሣለው «ጩኸት» ላይ ቀይ ኮት የለበሱ ፖሊሶች፣ ቄሶችና መነኮሳት ሕፃናትን ከእናቶቻቸው እቅፍ ይመነጭቃሉ። ሥዕሉ የሚገኘው በዩናይትድ ስቴትስ በዴንቨር ሙዚየም ነው። የክሪ እናት የልጅ ልጆቿን ይዛ ልታየው ብትሻ ድንበር መሻገር ይኖርባታል፤ ይህም ገና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።