ግግ ሳይሆን ጥርስ ነው
ወረታ ገበያ መሐል ያዘለችው ልጅ ተቅማጥ የያዘባት እናት፣ "ግግ ነው፣ ይውጣለት" የሚላት አታጣም። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ግግ የሚባለው የድድ እብጠት ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ነው። በስለት ሲቧጠጥ ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች መድቦታል። እናቶችን ግን አልወቅስም፤ የሚያሳስት መገጣጠም አለ። ጥርስ በ6 ወር ገደማ ማጎንቆል ሲጀምር ሕፃኑም ምግብ ይለምዳል፣ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ክረምት ላይ ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ የመጠጥ ውኃው ይበከላል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ እንጂ ከድዱ አይደለም። ለሚበላው ድድ በሳሙና የታጠበ ጣት፣ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። ለተቅማጡ ጡቱ ሳይቋረጥ ኦአርኤስና ለ10 ቀን የሚሰጥ ዚንክ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ካተኮሰው ወይም መጥባት ካቃተው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሩጡ።