የሎዊ ሰንጠረዥ፦ ታሪክ ወይስ ማስታወቂያ?

የዲዛይን ታሪክ ስንማር በብዛት ከሚያጋጥሙን ሥዕሎች አንዱ ሬይመንድ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠራው የዕድገት ሰንጠረዥ ነው። መኪናው፣ ባቡሩ፣ ስልኩ፣ ወንበሩ፣ የሴት ቀሚስ እንኳ ሳይቀር በየረድፋቸው ተደርድረዋል። መኪናው ፈረስ የሌለው ጋሪ መስሎ ይነሳና እየለሰለሰ ሄዶ የውኃ ጠብታ ይመስላል። ሥዕሉ ያምራል። በጥቂት መስመር የብዙ ዓመት ለውጥ ባንድ እይታ ያሳያል።

እኔን ቅር የሚለኝ እንደ ታሪክ ማስረጃ ስንቀበለው ነው። በበኩሌ ማስታወቂያ ነው እላለሁ። ለምን ቢባል፣ ዘመኑ የአሜሪካ ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ፋብሪካዎች ገዢ ያጡበት ነበር። የሎዊ እንጀራ ደግሞ የምርትን መልክ ማደስ ነው። በ1929 የጌስቴትነርን ማባዣ፣ በ1935 የሲርስን ኮልድስፖት ማቀዝቀዣ አዲስ መልክ ሰጥቷቸዋል። ሰንጠረዡን ያየ የፋብሪካ ባለቤት የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ መለስለስ አይቀርም፣ ከዘገየህ ትቀደማለህ።

ታዲያ እውነት አይቀርም ነበር? ባቡር በፍጥነት ሲሄድ ነፋስ ይገጥመዋልና ለስላሳ ቅርጽ ይጠቅመዋል። ሎዊ ግን በ1933 የእርሳስ መቅረጫም በጠብታ ቅርጽ ሠርቷል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መቅረጫ ከየትኛው ነፋስ ጋር ነው የሚታገለው? ቀሚሱም ቢሆን እንደ ሰንጠረዡ እየጠበበ አልቀጠለም፤ በ1947 ክርስቲያን ዲዮር ሰፊውን ቀሚስ መልሶ አመጣው። በ1950ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ መኪኖች ክንፍ አወጡ፣ ክሮም ደረቡ።

ይህን የምለው ሰውየውን ለማጣጣል አይደለም። የማባዣውን የተጋለጡ ክፍሎች መሸፈኑ፣ ወጣ ወጣ ያሉትን እግሮች ማስተካከሉ ለተጠቃሚው የሚረዳ ሥራ ነው። ችግሩ እኛ ጋ ነው። ፕሮጀክት ስናቀርብ "ዘመናዊ አይመስልም" የሚል አስተያየት ይመጣል፤ ተማሪውም ማዕዘኑን አለስልሶ ይመለሳል። ማን ይጠቀምበታል? ሲበላሽ በየት በኩል ይከፈታል? ማን ይጠግነዋል? የሚለው ሳይጠየቅ ይቀራል። ሰንጠረዡም ይህን አይነግረንም፤ መኪናውን የሚያሳየን ከውጭ፣ በጎን በኩል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉ ከትምህርታችን ይውጣ አልልም። ከመቅረጫውና ከዲዮር ቀሚስ ጎን ተቀምጦ ይሰጠን፤ ፕሮጀክት ሲገመገምም ስለ ጥገና የሚጠይቅ ነጥብ ይኑር። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።