ስለ ጠገራ ብር ሽያጭና ስለ ገበያ ጨዋነት

በመንዝ አገር፥ በጓሳ ዙሪያ፥ ከአያት የተረፈ ጠገራ ብር ከሣጥን ግርጌ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ቀድሞ አንጥረኛ አቅልጦ የአንገት መስቀል ያደርገው ነበር፤ ዛሬ ግን የጥንት ገንዘብ ሰብሳቢዎችም ይሹታል። እንግዲህ ሻጭና ገዢ በምን ሥርዓት ሊነጋገሩ ይገባቸዋል?

እኛ ከዋጋው በፊት እውነቱ ይቅደም እንላለን። በብሩ ላይ የተቀረጸው 1780 ንግሥት ማርያ ትሬዛ ያረፈችበት የአውሮፓ ዘመን ነው፤ ከእርስዋ በኋላ በቪየና፥ በሮማና በለንደን የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዞአል። ስለዚህ ሻጭ ቁጥሩን ብቻ እያሳየ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው» ቢል፥ ያላወቀውን መመስከሩ ነው። እንዲያምርለት ብሎም በአመድ አይፈትገው፤ ሰብሳቢ የተፈተገ ብር አይወድምና።

ገዢም የራሱ ግዴታ አለበት። ብሩ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር ነው። እንግዲህ አንጥረኛ ከሚከፍለው በታች ዋጋ መጥራት ነውር ነው። ሊገዛው የወደደውን ዕቃ «የማይረባ» እያለ ማጣጣልም አይገባውም። ይልቁንም ዋጋውን የማያውቁ አንዲት ባልቴት ቢያቀርቡለት፥ የሚያውቀውን አስቀድሞ ይንገራቸው፤ በአለማወቃቸው የተገኘ ትርፍ ከስርቆት ብዙ አይርቅምና።

በመጨረሻም «ይሁን» ከተባባሉ በኋላ የበለጠ የሚከፍል ቢመጣ ቃል አይታጠፍ። በአንድ ገበያ የሚተዋወቁ ሰዎች ነገም ይገናኛሉ።